የቀጠሮ ቀን ቅጣት የለበትም

በማኅበራችን የኅዳር ወር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ሪፖርቱ በኋላ የቀረበ ንግግር



የሒሳቡን ሪፖርት ሰምታችኋል። ገቢውና ወጪው ተመሳክሯል፤ የቁጥጥር ኮሚቴውም ፈርሞበታል። አሁን የቆምኩት ከዚያው መዝገብ ውስጥ አንድ መስመር ላነብላችሁ ነው። በ2016 ዓ.ም. የሚያዝያ ወር ገጽ ላይ «ከስብሰባ በመቅረት የተከፈለ ቅጣት» የሚል አለ። ከሥሩ ከተዘረዘሩት ስሞች አንዱ የእናቴ ነው። የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው።

እናቴን አብዛኞቻችሁ ታውቋታላችሁ። ስኳር እንዳለባት ከታወቀ ሰባት ዓመት ሆኗታል። ያን ቀን የቀረችው የሕክምና ቀጠሮ ስለነበራት ነው። ቀጠሮዋ ረቡዕ፣ ስብሰባችንም ረቡዕ። ማታ ቤት ስንገናኝ «የሒሳብ ሠራተኛዋ እናት ናት ተብለሽ ብትማሪ ሰው ምን ይላል?» አልኳት። ምንም ሳትል ከመቀነቷ ፈትታ ከፈለችኝ። ደረሰኝም ቆረጥኩላት።

በሚቀጥለው ቀጠሮዋ ቀን ስብሰባው ላይ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ሳያት ደስ አለኝ። ቀጠሮውን ትታ እንደመጣች አላሰብኩም። በዚያ ሰሞን የግራ እግሯ ኮንጎ ጫማ ውስጥ ጠጠር ገብቶ ኖሮ፣ ቀኑን ሙሉ ስትረግጠው ውላ አልተሰማትም። ቁስሉን ያየሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ለዚያውም ሽታው ነግሮኝ። ሆስፒታል ስንደርስ ትንሿ የእግር ጣቷ ጠቁራ ነበር፤ ተቆረጠች። ሐኪሙ «ትንሽ ብትቆዩ እግራቸው ነበር የሚሄደው» አለኝ።

በቀጠሮዋ ቀን ብትሄድ ኖሮ ነርሷ ጫማዋን አስወልቃ ታይላት ነበር። እኔ የሰውን ሁሉ ሳንቲም ስቆጥር የእናቴን እግር አላየሁም። ከዚያ ወዲህ በየቀጠሮዋ አብሬያት እሄዳለሁ፤ ያልገባኝን እጠይቃለሁ፤ የተነገረኝንም ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ያለኝ የሒሳብ ዲፕሎማ እንጂ የጤና አይደለም። ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁን አስቀድሜ ለነርሷ አንብቤላታለሁ።

በመጀመሪያ በሽታው ምንድን ነው? የምንበላው እንጀራ፣ ቂጣና ቆሎ ሆድ ውስጥ ሲፈጭ ስኳር ይሆናል። ስኳሩ ከደም ወደ ሰውነታችን እንዲገባ የሚያደርገው ኢንሱሊን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ እሱን የሚሠራው ቆሽት ነው። ኢንሱሊኑ ሲያንስ ወይም ሥራውን መሥራት ሲያቅተው ስኳሩ ደም ውስጥ ይከማቻል። ሰውየው ውኃ ይጠማዋል፣ ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት ይነሣል፣ እየበላ ይከሳል። እናቴ ሲጀምራት ሰፈሩ ሁሉ «ዓይን ነው» ብሎ ነበር። ሦስት ወር ጠበል ተመላለስን። ጠበሉን አልነቅፍም፤ ጠበልም ምርመራም በአንድ ሳምንት ይቻል ነበር እያልኩ ግን አዝናለሁ።

ሳይበሉ ጠዋት ሲለካ 126 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በሌላ ቀን ተደግሞም እንደዚያው ከሆነ ስኳር አለ ይባላል። መድኃኒት ላይ ላለ ለአብዛኛው አዋቂ ሰው የጠዋቱ ልኬት ከ80 እስከ 130 ባለው ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። ለአረጋውያን ሐኪሙ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ሌላም ምርመራ አለ፤ ኤ ዋን ሲ ይሉታል። ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት አማካይ ይናገራል፤ ለብዙ ሰው ከ7 በመቶ በታች እንዲሆን ይፈለጋል። በእኔ ቋንቋ የጠዋቱ ልኬት የዕለቱ ቀሪ ሒሳብ ነው፤ ኤ ዋን ሲ ደግሞ የሩብ ዓመት ሪፖርት ነው። በቀጠሮ ዋዜማ ብቻ ተጠንቅቆ የዕለቱን ማሳመር ይቻላል። የሩብ ዓመቱን ግን ማታለል አይቻልም።

«ስኳር የሀብታም በሽታ ነው፤ እኛን ከየት ያገኘናል?» የምትሉ አላችሁ። እኔም እንደዚያ እል ነበር። ጎንደር ላይ ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው የገጠር ሕሙማንን ለዓመታት ሲከታተሉ፣ ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው ውስጥ ብዙዎቹ ቀጫጭን የድሃ ገበሬ ልጆች ሆነው አገኟቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 በልጅነት መራብና ስኳር የሚገናኙ መሆናቸው እንደገና ይመርመር ብለው ጻፉ። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2017 ዓ.ም. ባንኮክ ላይ ባደረገው ጉባኤ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር «ዓይነት አምስት» ብሎ ስም ሰጥቶታል። የእናቴ በእድሜ የሚመጣው፣ የተለመደው ዓይነት ሁለት ነው። ቢሆንም እሷ የ66ቱ ድርቅ ሲመጣ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። በ77ም ነበረች። የዋግ ሰው በሁለቱም ጊዜ ምን እንዳየ ለእናንተ አልነግርም። ይህን የማነሣው ማንም ስኳር ያለባት ሴት «ጠግቤ በልቼ ያመጣሁት ነው» ብላ እንዳታፍር ነው። የሚያፍር ሰው ይደብቃል፤ የደበቀ ሰው ቀጠሮ አይሄድም።

አሁን ወደ ጉዳቱ ልምጣ። ስኳር ቶሎ አይገድልም። ትንንሽ የደም ሥሮችንና ነርቭን ዝም ብሎ ይበላል። ዓይን ላይ ሲሆን ሕመም የለውም፤ ብዥታው ሲመጣ ጉዳቱ ገፍቷል። ስለዚህ «ዓይኔ ደህና ነው» የምትልም በዓመት አንድ ጊዜ መታየት አለባት። ኩላሊት ላይ ሲሆንም እንደዚሁ ነው፤ ፊትና እግር ከማበጡ በፊት በሽንት ምርመራ ፕሮቲን ይገኛል። ደም ግፊት አብሮ ካለ ኩላሊቱን፣ ልብንና አንጎልን በእጥፍ ይጎዳቸዋል። በየቀጠሮው ግፊታችንን ይለኩልን እንበል።

እግር ግን የቤታችን ሥራ ነው። ነርቩ ሲጎዳ እግር ይደነዝዛል፤ እሾህም፣ እሳትም፣ ጠጠርም አይሰማም። ማታ ማታ እግርን ታጥቦ በጣቶቹ መካከል ጭምር ማድረቅ፣ በብርሃን ማየት ያስፈልጋል። ውስጥ እግሯን ማየት የማትችል ልጇን ወይም ጎረቤቷን ታሳይ። ጫማ ከማድረጋችን በፊት ገልብጠን እናራግፈው። በባዶ እግር አንሂድ። ብርድ ነው ብለን እግራችንን ምድጃ ላይ አናሙቅ። ትንሽ ቁስል ካየን በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ እንሂድ። ቅጠል እየለጠፍን ሳምንት አንቆይ።

ስለ ኢንሱሊን አንድ ነገር ልጨምር። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ስንፈናቀል እናቴ ኢንሱሊኗን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ በትንሽ ማሰሮ ይዛ ነበር የወጣችው። ሰው ልብስና እህል ሲሸከም እሷ ማሰሮ ታቀፈች። ወለህ ከደረስን በኋላ ብልቃጡ አለቀ፤ ዘጠኝ ቀን ያለ ኢንሱሊን ቆየች። ስታስመልስና ትንፋሿ ሲያጥር ነው ሩጫ የገባነው፤ በሰው ርብርብ ተረፈች። ስታማችሁ፣ ምግብ ሲዘጋችሁም ቢሆን፣ ኢንሱሊን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ቶሎ ወደ ሐኪም ሂዱ። አንድ ወር የሚበቃ መጠባበቂያ በእጃችሁ ይኑር።

ማቀዝቀዣ የለንም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ያልተከፈተው በጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣ ቢቀመጥ ጥሩ ነው። በጅምር ላይ ያለው ግን ቤት ውስጥ፣ ከፀሐይና ከምድጃ ርቆ፣ በእርጥብ አሸዋ መካከል በተቀመጠ ማሰሮ ውስጥ አራት ሳምንት ይቆያል። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድንና የጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ ኬንያ በሚገኘው የዳዳብ የስደተኞች መጠለያ ያለውን ሙቀት ለክተው፣ በ25 እና በ37 ዲግሪ መካከል ከፍ ዝቅ በሚል ሙቀት ኢንሱሊን ለአራት ሳምንት ኃይሉን እንደሚጠብቅ እ.ኤ.አ. በ2021 አሳይተዋል። ወደ ተከዜ ቆላ ለምትኖሩ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የእናቴ ማሰሮ ሞኝነት አልነበረም።

ምግብን በሚመለከት፣ ያለንን ነው የምንበላው። የማሽላም ሆነ የጤፍ እንጀራ ክልክል አይደለም፤ መጠኑን መቀነስ፣ ከሽሮ፣ ከምስርና ከጎመን ጋር መብላት፣ በየሰዓቱ መብላት ነው ቁም ነገሩ። ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ ይቅር። ማራችን በአገር ሁሉ የታወቀ ነው፤ «ማር መድኃኒት ነው» እያላችሁ ግን ስኳር ላለባት ሴት አትስጧት። ማርም ስኳርን ከፍ ያደርጋል።

ከመውጣቱ ይልቅ በቶሎ የሚገድለው መውረዱ ነው። ኢንሱሊን ተወግታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም፣ ወይም ቁርስ ሳትበላ የሴፍቲኔት እርከን ሥራ ላይ የምትውል ሴት ስኳሯ ከ70 በታች ሊወርድ ይችላል። ያልባታል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ የማይገባ ነገር ትናገራለች። ሰክራለች እንዳትሏት። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ አጠጧት። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻላት ድገሙላት፤ ሲሻላት ምግብ ትብላ። ራሷን ከሳተች ግን በአፏ ምንም አታድርጉ፤ በጎኗ አስተኝታችሁ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሷት። ለዚህ ብቻ በመቀነት ውስጥ የተቋጠረ ስኳር ይኑር። ጾምን በሚመለከት የንስሐ አባታችሁን አነጋግሩ። የእናቴ የንስሐ አባት «ሕመምተኛን ቤተ ክርስቲያን አታስጨንቅም» ብለው መድኃኒቷን በሰዓቷ እንድትወስድና እንድትበላ ፈቅደውላታል።

አሁን ወደ መዝገቡ ልመለስ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ላለን ካርዱም መድኃኒቱም ብዙ አያስቸግረንም፤ የሚከብደን መንገዱ ነው። የመኪናው፣ የአንድ አስታማሚ፣ አንዳንዴም የማደሪያው ወጪ፣ ከሥራ የሚቀርበት ቀን። ባለፈው ዓመት የእናቴን ወጪ በደብተር ይዤ ነበር። ለጣቷ መቆረጥ፣ ሆስፒታል ለተኛችበትና ቁስሉን ለማሳጠብ ለተመላለስንበት ያወጣነው የመንገድና የማደሪያ ገንዘብ ለሦስት ዓመት ቀጠሮዋ ይበቃ ነበር። ሁለት ፍየል የሸጥነውም ለዚያ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር ለጉባኤው አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የቀጠሮ ካርዷን ያሳየች አባል በመቅረቷ አትቀጣ። ሁለተኛ፣ ከማኅበራዊ ፈንዳችን ለቀጠሮ መጓጓዣ ያለ ወለድ ብድር ይሰጥ። ሦስተኛ፣ ስኳር ያለባት አባል ሁሉ አንዲት ጎረቤት አባል ትመደብላት፤ በየሳምንቱ ከስብሰባው በፊት እግሯን ትይላት፣ ቀጠሮዋንም ታስታውሳት። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጫማ ማስወለቅ ብቻ ነው።

ለደጋፊዎቻችን የምለው አንድ ነው። የስኳር መለኪያ ሰጥታችሁናል፤ እናመሰግናለን። ነገር ግን የሚያልቀው መለኪያው አይደለም፤ ስትሪፑ ነው። ስትሪፑ ደግሞ የራሱ መለኪያ ካልሆነ አይሠራም። ሁለት መለኪያዎች ስትሪፕ አጥተው በሳጥኔ ውስጥ ተቀምጠዋል። ከእንግዲህ አዲስ መለኪያ ከምትጨምሩልን ያሉት የሚሠሩበትን ስትሪፕና የጣት መውጊያ መርፌውን ብትሰጡን ይሻለናል። እናንተም እህቶቼ፣ መለኪያውን በጋራ ብንጠቀም መውጊያው ግን ለእያንዳንዷ አዲስ መሆን እንዳለበት አትርሱ።

እናቴ ዛሬም እንደ ልማዷ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ያንን ቅጣት እንድሰርዝላት አልጠየቀችኝም። በሒሳብ ሥራ ደግሞ የተጻፈ አይፋቅም፤ ስሕተቱ ከታወቀ ከሥሩ ማስተካከያ ይጻፍበታል። ጉባኤው ከፈቀደልኝ የዛሬውን ቀን አድርጌ ማስተካከያውን እጽፋለሁ፤ ገንዘቡንም በፊታችሁ እመልስላታለሁ።