ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ፤ ስለ ዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች ጡረታ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



እኛ ከዩኒቨርሲቲ በጡረታ የተሰናበትን የዚህ እድር አባላት ጥቂት እንድንናገር ስለተፈቀደልን እናመሰግናለን። ዩኒቨርሲቲ ሲባል ለብዙው ሰው የሚታየው መምህሩ ነው። ከእኛ መካከል ግን መምህርም፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛም፣ ጸሐፊም፣ ወጥ ቤትም፣ ዘበኛም አለ። ጡረታ ሲመጣ ሁላችንም የምንዳኘው በአንድ ሕግ ነው።

እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ገንዘብ ይሰጣል፣ ሐዘንተኛ ያጽናናል። ትልቁ ጥያቄ ግን የሚመጣው ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ነው። «ከእንግዲህ በምን እንኖራለን?» የሚለው ነው። የዛሬው ቃላችን በዚሁ ላይ ነው።

የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 የወጣው በ1955 ዓ.ም. ነበር። ዛሬ የሚሠራበት የ2014 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1267 ነው። በግል ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ ያሉት ደግሞ በዚያው ዓመት በወጣው አዋጅ ቁጥር 1268 ይተዳደራሉ። በየወሩ ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ መሥሪያ ቤቱም 11 በመቶ ይከፍላል። ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው 60 ዓመት ሲሞላው እስከ ዕድሜ ልኩ አበል ያገኛል። 10 ዓመት ያልሞላው ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል ዳረጎት ተቀብሎ ይሄዳል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት ደመወዝ አማካይ ይወሰዳል። ለመጀመሪያው 10 ዓመት አገልግሎት የአማካዩ 30 በመቶ ይታሰባል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። እስቲ ለሒሳብ እንዲቀለን አማካዩ 10,000 ብር ነው እንበል። 30 ዓመት ያገለገለ ሰው 55 በመቶ፣ ማለት 5,500 ብር በወር ያገኛል። 70 በመቶ ለመድረስ 42 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል! ብዙ ዓመት ተምሮ በ30 ዓመቱ ሥራ የጀመረ መምህር እዚያ አይደርስም። በ20 ዓመቱ የተቀጠረው ዘበኛ በመቶኛው ይበልጠዋል።

አንድ ሌላ ነገር አለ። የሚታሰበው መነሻው ደመወዝ ብቻ ነው። የቤት አበል፣ የኃላፊነት አበል፣ የማታ ትምህርት ክፍያ አይገባበትም። ኑሮውን በእነዚህ ላይ የመሠረተ ሰው ጡረታ በወጣበት ወር ይደነግጣል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው ነው። ስለዚህ እነዚህን ገንዘቦች ሳሉ ቆጥቡባቸው እንላለን።

ወደ ቤተሰቡ እንምጣ። ባለ ጡረታው ሲሞት የትዳር ጓደኛው የአበሉን ግማሽ፣ ዕድሜው ያልደረሰ እያንዳንዱ ልጅም 20 በመቶ ያገኛል። ቅድም ባሰብነው ሒሳብ ለሚስቲቱ 2,750 ብር፣ ለአንድ ልጅ 1,100 ብር ይሆናል። ትልቅ ገንዘብ አይደለም፤ ግን በየወሩ የሚመጣ እንጀራ ነው። ይህንንም ለማግኘት ጋብቻውና ልጅነቱ በማስረጃ መታወቅ አለበት። ሃያ ዓመት አብራ የኖረች ሚስት በባሏ ማኅደር ውስጥ ስሟ ከሌለ፣ በሐዘኗ ላይ የፍርድ ቤት ምልልስ ይጨመርባታል። ጎረቤት ሁሉ ያውቃታል፤ ማኅደሩ ግን አያውቃትም።

በመሆኑም በሥራ ላይ ያላችሁትን ሦስት ነገር እንለምናችኋለን። አንደኛ፣ ገና ወደ ሠራተኛ አስተዳደር ሄዳችሁ ማኅደራችሁን እዩ፤ የትውልድ ዘመናችሁ መጀመሪያ ስትቀጠሩ የሞላችሁት ነውና የሚሠራው፣ በትክክል መስፈሩን አረጋግጡ። ሁለተኛ፣ ካገባችሁ፣ ከወለዳችሁ ወይም ከተፋታችሁ ማስረጃውን አስገቡ። ሦስተኛ፣ በመንግሥትም በግልም የሠራችሁ ከሆነ የሁለቱንም የአገልግሎት ማስረጃ ሰብስባችሁ ያዙ፤ ባለቤታችሁም ወረቀቱ የት እንደተቀመጠ ትወቅ።

ለእድራችን የሥራ አመራርም አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ጸሐፊያችን ወርሃዊ መዋጮ ሲቀበሉ በዓመት አንድ ጊዜ እያንዳንዱን አባል «ማኅደርህን አይተሃል ወይ?» ብለው ይጠይቁልን። ይህ ለእድሩ አንድ ሳንቲም አያስወጣም፤ ለሐዘንተኛዋ ግን ከድንኳኑም ከወንበሩም ይበልጥባታል።