ገና በዝናብ ወር የሚውልበት አገር

  የዛሬው ዝግጅታችን ስለ በዓል ማዕድ ነው። ማዕዱን የሚያዘጋጁት እናቶች ናቸው፤ ምን እንደሚቀርብበት የሚወስነው ግን ከእነሱ በፊት ዝናቡ ነው። ይህን በደንብ ለመረዳት መጀመሪያ ወደ ሰማይ ቀና ማለት ያስፈልገናል።

ምድራችን ፀሐይን የምትዞረው 23 ዲግሪ ተኩል ያህል አዘንብላ ነው። በዓመቱ ግማሽ ሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ወደ ፀሐይ ያዘነብላል፣ በቀሪው ደግሞ ደቡቡ። የዳንጉር ወረዳዋ ከተማችን ማንቡክ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ቀኑ እጅግ አይረዝምብንም፣ እጅግም አያጥርብንም። በታኅሣሥ 11 ሰዓት ተኩል ያህል ብርሃን እናገኛለን፤ በሰኔ 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ። ወቅቶቻችንን የሚለየው እንግዲህ ዝናቡ ነው። ዝናብ አምጪው የደመና ቀበቶ ፀሐይን እየተከተለ ይወጣል፣ ይወርዳል። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትመጣ ከግንቦት ጀምሮ እኛ ዘንድ ይደርሳል፤ በጥቅምት ፀሐይን ተከትሎ ወደ ደቡብ ይሸሻል። የት እንደሚሄድ ኋላ እነግራችኋለሁ።

እስቲ አሁን ወደ ጎተራችን እንመለስ። ሐምሌና ነሐሴ ጎተራ የሚጎድልባቸው ወራት ናቸው። ማሽላው ገና ቅጠል ነው። በዚህ ጊዜ ነው የጉሙዝ እናቶች ከመሬት ብቅ የሚለውን የቀርከሃ ቡቃያ ለቅመው የሚቀቅሉት። የፍልሰታ ጾምም በነሐሴ ከ1 እስከ 15 የሚውለው ይኸው ጎተራው በሳሳበት ወቅት ነው። መስከረም ሲጠባ የበቆሎ እሸትና ዱባ ይደርሳል፣ ባሚያው ይለቀማል። የሺናሻ ወገኖቻችን ዘመን መለወጫቸውን ጋሪ ዎሮን በመስከረም ማብቂያ የሚያከብሩት በአጋጣሚ አይደለም። ክረምቱ አልፏል፤ ወንዙን ይሻገሩታል፤ ክረምቱ ያራራቀው ዘመድ ይገናኛል፣ ሽማግሌ ይመርቃል። ይህ በዓል ከዚህ ምድር የበቀለ ስለሆነ ከወቅቱ ጋር ተጣልቶ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለእኔ የዓመቱ ሁሉ ምርጥ ነው። ማር በጥቅምትና በኅዳር ይቆረጣል፤ ንቦቹ አደይ አበባውን ጠግበው ከርመዋልና። ሰሊጡ ታጭዶ ይራገፋል፤ ኑጉም ይከተላል። ልብ በሉ፣ የነቢያት ጾም የሚጀምረው ኅዳር 15 ነው። ጿሚው ከቅቤና ከወተት ሲርቅ ሰሊጡና ኑጉ አዲስ ሆኖ እቤቱ ይገባል። ማሽላው ሲሰበሰብ ታኅሣሥ ይሆናል። ታኅሣሥ 29 ገና ሲደርስ ለጠጁ አዲስ ማር፣ ለገንፎውና ለቦርዴው አዲስ ማሽላ አለ፤ በጉም የክረምቱን ሣር በልቶ ሰብቷል። አየሩ ደረቅ ስለሆነ የተረፈው ሥጋ ተዘልዝሎ ቢሰቀል ሳይበላሽ ቋንጣ ይሆናል። በመስከረም የደረቀው ባሚያም ተወቅጦ ለበጋው ወጥ ይደርሳል።

አሁን ወደ ደቡብ አፍሪካዋ ጆሃንስበርግ እንሂድ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዚያች ከተማ ጥር የዝናብ ወር ነው። ከእኛ የሸሸው ቀበቶ ወደ ደቡብ ወርዷል ብያችኋለሁ። ስለዚህ እዚያ ያለ ሰው የነቢያትን ጾም የሚጾመው ገበሬው በሚዘራበት ጊዜ ነው፤ ገናን የሚያከብረው ነጎድጓድ በሚበዛበት ወር ነው። የመስቀል ደመራ ደግሞ የሚለኮሰው ረጅሙ ደረቅ ወቅት ሊያበቃ ሲል፣ መስኩ ገና ሳይለመልም ነው። የአገሩ ሰዎችም ይህን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ፣ እንደ ቋንጣ ያለውን ቢልቶንግ የሚባለውን ሥጋቸውን በባህል የሚያደርቁት በእነሱ ቀዝቃዛና ደረቅ ወራት፣ ማለትም በእኛ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ነው። በገና ሰሞን ቋንጣ ዘልዝሎ የሰቀለ የእኛ ሰው ቢሻግትበት የሙያ ጉድለት አይምሰለው። ጤፍም እዚያ አለ። ግን በአብዛኛው ለከብት መኖ ይዘራል፤ የሚዘራውም እኛ በምናጭድበት ሰሞን ነው።

የአውስትራሊያ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። የአውሮፓ የገና ምግብ የተወለደው ከብርድ ነው። ክረምቱ ሲገባ መኖ ስለሚያልቅ አሳማው ይታረዳል፤ ብርዱ ሥጋውን ያቆየዋል፤ ትኩስ ፍሬ ስለሌለ ዘቢብና ለውዝ ኬክ ውስጥ ይገባል። እንግሊዞች በ1788 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲድኒ ሲሰፍሩ ይህን ምግብ ይዘውት ሄዱ። ታኅሣሥ ግን እዚያ የሙቀት ወር ነው። ከትውልድ ወደ ትውልድ ምድጃ አንድደው፣ ላባቸው እየፈሰሰ ያንኑ የብርድ ምግብ ሲበሉ ኖሩ። ዛሬ ብዙው ቤት ቀዝቃዛ የባሕር ምግብ፣ ማንጎና ቼሪ ያቀርባል፤ የሲድኒ የዓሣ ገበያ ከበዓሉ በፊት 36 ሰዓት ሳይዘጋ ይሸጣል። የድሮው ምግብ የናፈቃቸው ደግሞ በሐምሌ ብርድ ሌላ ገና ያከብራሉ! ቀኑን ወይስ ምግቡን እንያዝ የሚለውን ጥያቄ በሁለት በዓል ፈቱት ማለት ነው።

በኒውዚላንድ ግን ነባር ሕዝቦቹ ማኦሪዎች ከአገሩ የተወለደ የራሳቸው ዘመን መለወጫ አላቸው። ማታሪኪ ይባላል። በእነሱ ክረምት አጋማሽ፣ በሰኔ ወይም በሐምሌ፣ ማታሪኪ የሚሏቸው ከዋክብት ንጋት ላይ ሲወጡ ይከበራል። በዚያን ጊዜ ስኳር ድንቹ ተቆፍሮ ጎተራ ገብቷል። መንግሥታቸው በ2022 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ብሔራዊ በዓል አድርጎታል። እኔ ስለ ማታሪኪ ስሰማ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ጋሪ ዎሮ ነው።

ሙስሊም አድማጮቻችን ይህን ሁሉ የሚያዩት ከሌላ አቅጣጫ ነው። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ስለሚያጥር ረመዳን በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶችን ሁሉ ይዞራል። አሶሳ ላይ ያደገ ሰው በዕድሜው ረመዳንን በማር ወርም፣ በእሸት ወርም፣ ጎተራ በጎደለበትም ያገኘዋል። የሚጾመው ሰዓት ግን ብዙ አይለዋወጥበትም። አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ያለ ዘመዱ ግን ረመዳን በታኅሣሥ ሲውል ፀሐይ ከወጣች እስክትጠልቅ ብቻ ከ14 ሰዓት ተኩል በላይ ይጠብቃል።

በመጨረሻ፣ ለገና ስንቅ ስለመላክ። አውስትራሊያ ዘመድ ያላችሁ ቋንጣ አትላኩ፤ የእርሻ በሽታ እንዳይገባባቸው ስለሚሰጉ ሥጋን እንዲህ በቀላሉ አያስገቡም። ሊበቅል የሚችል ጥሬ እህልም ጣጣ ያመጣል። የተፈጨ በርበሬና ሹሮ ይሻላል፤ ይህንንም ቢሆን ተጓዡ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ ለተቆጣጣሪዎቹ ማሳወቅ አለበት። ባሚያው ግን እዚያው በሙቀታቸው ወር ትኩሱ ከገበያ ይገኛል።