ስለ ትምህርት ቤት ወለል ማለስለስ የተነገረ ንግግር



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ሲሚንቶ ወለል አሠራር ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም የልጆች ጤንነትና የሕዝብ ገንዘብ ያለበት ስለ ሆነ ልብ ብላችሁ እንድትሰሙኝ እለምናችኋለሁ። ሙጃሌ በደረቅ ትቢያ ውስጥ ስለሚራባ፥ የአፈር ወለል በባዶ እግሩ ለሚሄድ ልጅ ጠንቅ ነው። ስለዚህም ብዙ መንደሮች ገንዘብ አዋጥተው የክፍላቸውን ወለል ሊሾ ያሠራሉ።

በአንድ መንደር ያየሁትን ልንገራችሁ። ወለሉ በተሠራ ሰሞን እንደ መስተዋት ያብረቀርቅ ነበርና ሕዝቡ ሁሉ ተደሰተ። ዓመት ሳይሞላው ግን ፊቱ እንደ ዱቄት ይነሣ ጀመር፤ ልጆቹም ከትቢያ ሸሽተው ወደ ትቢያ ተመለሱ። ምክንያቱ፥ ቶሎ እንዲለሰልስ ሲባል ውሃ ስለ ረጩበትና ደረቅ ሲሚንቶ ስለ ነሰነሱበት ነው።

አርማታ ከፈሰሰ በኋላ ጠጠሩና አሸዋው ወደ ታች ሲረጋ ውሃው ወደ ላይ ይወጣል። ይህ ውሃ ሳይጠፋ ቢያሹት ከፊቱ ጋራ ተቀላቅሎ ያደክመዋል። ደረቅ ሲሚንቶ ቢነሰንሱበትም ስስ ቅርፊት ሆኖ ይላጣል።

እንግዲህ ሥርዐቱ እንዲህ ነው። አሸዋውና ውሃው ንጹሕ ይሁን፤ ውሃውም አይብዛ። አርማታው እንደ ፈሰሰ በቀጥተኛ ጣውላ ተስተካክሎ ይተው። የውሃው ብልጭታ ጠፍቶ፥ የቆመበት ሰው እግር ከግማሽ ሳንቲሜትር የበለጠ የማይሰምጥ ሲሆን፥ በእንጨት ማለስለሻ ይታሽ። ጠንከር ሲል ደግሞ በብረት ማለስለሻ አንድ ጊዜ፥ ጥቂት ቆይቶም ሁለተኛ ጊዜ፥ ጠበቅ ተደርጎ ይታሽ። ዝናም የሚያገኘው በረንዳ ግን እንዳያንሸራትት በእንጨቱ ብቻ ይብቃው።

ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቅ ሳይሆን ከውሃ ጋራ በመዋሐድ ነው። ስለዚህ በማለስለሱ ጊዜ ጠላት የነበረው ውሃ ኋላ ወዳጅ ይሆናል። ወለሉ በማግሥቱ ርጥብ ጆንያ ወይም ጭድ ለብሶ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ ሊጠጣ ይገባዋል።

ሽማግሎች ሆይ፥ ይህን ጥበቃ ለግንበኛው ብቻ አትተዉት፤ የመንደሩን ሰው ተራ አስገቡ። መምህራንም ሆይ፥ ክፍሉን ለመክፈት አትቸኩሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና፥ አንድ ሳምንት መታገሥ ድኻው ያዋጣውን ገንዘብ ሁለተኛ ከማዋጣት ያድነዋል።