መንግሥቱ ወርቁና ሉቺያኖ ቫሳሎ፤ ማን ይበልጣል?



ከኳስ በኋላ ሐይቁ ዳር ስንቀመጥ ዘወትር የሚያከራክረን ከመንግሥቱ ወርቁና ከሉቺያኖ ቫሳሎ ማን ይበልጣል የሚለው ነው። (ዕድሜያቸው የአያቶቻችን ቢሆንም በኳስ ወግ አንቱታ የለምና ይቅርታ እንጠይቃለን።)

የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ በአፍሪካ ዋንጫ ውድድሮች 10 ግብ አግብቷል፤ ከኢትዮጵያውያን የሚስተካከለው የለም። በቁጥር ቢሆን ክርክሩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር።

ነገር ግን ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተደረገውን የ3ኛውን የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ እንመልከት። ግብፅ 2 ለ 1 ስትመራ፣ 6 ደቂቃ ያህል ሲቀር፣ አቻ ያደረገን አምበሉ ሉቺያኖ ነው። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ አራተኛውን አገቡ። እንግዲህ የሉቺያኖ ግብ ባትኖር የመንግሥቱ ግብ ከየት ትመጣ ነበር?

«አባቱ ጣሊያን ነውና አይቈጠርም» ያለን ጓደኛ አለ። ይህን ሰምተን ዝም ማለት አልቻልንም። እናቱ ኤርትራዊት፣ የትውልድ ከተማው አሥመራ ነው፤ ዋንጫውንም ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው የኢትዮጵያን ማሊያ ለብሶ ነው። በደርግ ዘመን ተሰድዶ ጣሊያን ኖረ፤ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በዚያው ዐረፈ።

እኛ ድምፃችንን ለሉቺያኖ ሰጥተናል። የመንግሥቱ ደጋፊዎች ነገ ከትምህርት በኋላ ሜዳው ላይ ይጠብቁን።