ኃይልና ፍጥነት፤ በዓባይ ወንዝ ምሳሌነት



ተማሪው የፊዚክስን ትምህርት ሳይጀምር ከቤቱ ይዞት የሚመጣ አንድ እምነት አለ፤ ይኸውም ኃይል ሲኖር ፍጥነት ይኖራል፥ ኃይል ሲቀር ፍጥነትም ይቀራል የሚል ነው። ስለዚህ ሊገሠጽ አይገባውም። ታላቁ ፈላስፋ አርስጣጣሊስም ይህንኑ የመሰለ ነገር አስተምሯል፤ በ6ኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያው ዮሐንስ ፊሎፖኖስ ቢቃወመውም ትምህርቱ ለብዙ ዘመን ጸንቶ ኖሯል። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው መጽሐፍ ያስረዳው ግን ኃይል የሚወልደው ፍጥነትን ሳይሆን የፍጥነትን ለውጥ መሆኑን ነው። ለውጡንም የሚያመጣው ተቃራኒዎቹ ኃይሎች ተቀናንሰው የሚተርፈው ብቻ ነው።

የሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከመነሣቱ በፊት በካርቱም ሁለት ይማር ለነበረ ልጅ የዚህ ነገር ምሳሌ ሩቅ አልነበረም። ከሰፈሩ በስተ ምሥራቅ ባለው ማረፊያ አውሮፕላን ለመነሣት ሲንደረደር፥ ፍጥነቱ ገና ጥቂት ሳለ ሞተሩ በብርቱ ይገፋዋል። ከፍ ብሎ በአንድ ፍጥነት ሲበር ግን፥ ሞተሩ መግፋቱን ባይተውም የአየሩ ተቃውሞ ከግፊቱ ጋር ስለሚተካከል ትርፍ ኃይል የለም።

ከዚህም የሚበልጠው ምሳሌ በስተ ሰሜን የሚያልፈው ዓባይ ነው። የጣና ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል፥ ካርቱም ደግሞ 380 ሜትር ያህል ከፍታ አላቸው። ውሃው ይህን 1,400 ሜትር ያህል ቁልቁለት ያለ አንዳች ተቃውሞ ቢወርድ ኖሮ፥ ካርቱም ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ነበር፤ ከተማም ባልተሠራ ነበር! ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1925 የሰናር ግድብ ከማለቁ በፊትም ቢሆን ወንዙ በሰከንድ ከጥቂት ሜትር አልፎ አያውቅም። የምድር ስበት ሳያርፍ ይስበዋል፤ ይሁን እንጂ ውሃው በፈጠነ ቁጥር የወለሉና የዳሩ ፍትጊያ ይበረታል፥ ከስበቱም ጋር ሲተካከል ፍጥነቱ ባለበት ይጸናል።

የተማሪው ስሕተት ምንጭም እዚህ ላይ ይገኛል። ጋሪን አብልጦ የገፋ ሰው አብልጦ እንደሚያስኬደው ዓይኑ አይቷል፤ ያየውም እውነት ነው። ያላየው ፍትጊያውን ነው፤ የማይታይ ነውና። ስለዚህ መምህሩ ቀመሩን በሰሌዳ ከመጻፉ አስቀድሞ «ዓባይ ይህን ሁሉ ቁልቁለት ወርዶ ስለ ምን በዝግታ ይፈሳል?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻላል። ግዝፈትን በፍጥነት ለውጥ አባዝቶ ትክክለኛ መልስ የሚያገኝ ተማሪ ሁሉ ነገሩ ገብቶታል ማለት አይደለም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሳያዛንፍ የሚሄድ መኪና ሥሎ ኃይሎቹን በቀስት እንዲያመለክት ቢታዘዝ፥ ብዙውን ጊዜ የፊቱን ቀስት ከኋላው ያስረዝመዋል። ሁለቱ ግን እኩል ናቸው።