በእርሾ ሕዋስ ውስጥ ትእዛዝ የሚሰጡ ኤንዛይሞች



እዚህ ዶዮገና እናቶቻችን እንሰት ፍቀው በጉድጓድ ከቀበሩ በኋላ ቆጮው እስኪብላላ ለብዙ ሳምንታት ይጠብቃሉ። የሚያብላሉትም በዓይን የማይታዩት ባክቴሪያና እርሾ ናቸው። እርሾ በጠላና በእንጀራ ሊጥም ውስጥ ይሠራል። ዛሬ ልንናገር የተነሣነው ግን ስለ ምግቡ ሳይሆን በእርሾው ውስጥ ስላለው ሥርዓት ነው።

እርሾ አንድ ሕዋስ ብቻ ያለው ፍጡር ሲሆን፣ በውስጡ በሺህ የሚቈጠሩ ልዩ ልዩ ፕሮቲኖች ይገኛሉ። ሆኖም ብዙዎቹ ፕሮቲኖች ስለ ተሠሩ ብቻ ሥራ አይጀምሩም፤ «ጀምር» ወይም «አቁም» የሚላቸው ያስፈልጋል። ይህም ፕሮቲንን የሚለውጡ ኤንዛይሞች ተግባር ነው። ኪናዝ የሚባለው ኤንዛይም ኤቲፒ ከተባለው ንጥረ ነገር ፎስፌት ወስዶ በፕሮቲኑ ላይ ይለጥፋል፤ ፎስፋቴዝ ደግሞ የተለጠፈውን ያነሣል። በዚህም የፕሮቲኑ ቅርጽና ሥራ ይለወጣል። ሌሎች ኤንዛይሞች ደግሞ የማያስፈልገውን ፕሮቲን ዩቢኩዊቲን በተባለ ምልክት ለይተው እንዲፈርስ ያደርጋሉ።

ይህ ነገር ለእኛ ምን ይጠቅመናል? የሚል ቢኖር የሚከተለውን ያድምጥ። እ.ኤ.አ. በ1893 ጀርመናዊው ፓውል ሊንድነር ከምሥራቅ አፍሪካ በመጣ ጠላ ውስጥ አንድ የእርሾ ዓይነት አገኘ። ስሙንም በስዋሂሊ ጠላ ማለት በሆነው ቃል «ፖምቤ» አለው። ከብዙ ዘመን በኋላ እንግሊዛዊው ፖል ነርስ በዚሁ እርሾ ላይ ሕዋስ እንዲከፈል የሚያዝዘውን ኪናዝ መረመረ። በ1987 እርሱና ሜላኒ ሊ ይህ ኪናዝ በተበላሸበት እርሾ ውስጥ የሰውን ጂን ቢያስገቡ፣ መከፈል ያቃተው እርሾ እንደ ገና ተከፈለ! የእርሾውና የእኛ ትእዛዝ አንድ ዓይነት መሆኑ ታወቀ። በ2001 ነርስ ከሊላንድ ሃርትዌልና ከቲም ሃንት ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

በሰው አካል ውስጥ «አቁም» የሚለውን ትእዛዝ የማይሰማ ሕዋስ ያለ ልክ ይበዛል፤ ካንሰር የሚባለው ይህ ነው። ዛሬ ለአንዳንድ የጡት ካንሰር ሕሙማን የሚሰጡ መድኃኒቶች የዚሁ ኪናዝ ዘመዶች የሆኑትን የሚያግዱ ናቸው።

እንግዲህ ጓደኞቻችን ሆይ! ያ እርሾ የተገኘው ከአፍሪካ ጠላ ነው፤ የመረመሩት ግን ሌሎች ናቸው። በእናቶቻችን የቆጮ ጉድጓድ ያለውንስ ማን ይመርምር? እኛው ተምረን እንመርምረው። ወላጆቻችንም ሴት ልጅ ወንድ ልጅ ሳትሉ በትምህርት እንድታበረቱን በትሕትና እንለምናለን።