የመሥሪያ ቤት ጓደኞች በጎ ሥራ፤ እንደ ደቦ ወይስ እንደ ዕድር?

(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)

በመሥሪያ ቤት የምንውል ሰዎች ከቤተ ሰባችን ጋራ ከምናሳልፈው የቀን ሰዓት ይልቅ ከሥራ ጓደኞቻችን ጋራ የምናሳልፈው የሚበልጥ መሆኑ የታወቀ ነው። ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ ማታው 11 ሰዓት ተኩል ባንድ ጣራ ሥር እንውላለን፤ በዕረፍት ሰዓት ሻይ አብረን እንጠጣለን፤ አንዱ ልጁን ሲድር ደስታውን እንካፈላለን፤ ሌላው ሐዘን ሲደርስበት ገንዘብ አዋጥተን ለቅሶ እንደርሳለን። እንግዲህ የሥራ ጓደኝነት ማለት በደመወዝ መዝገብ ላይ ስም ከስም ተከትሎ መስፈር ብቻ አይደለም። ዛሬ ላነጋግራችሁ የፈለግሁት ይህ በመካከላችን ያለው ኅብረት የመሥሪያ ቤታችንን አጥር አልፎ ለማናውቀው ችግረኛ ስለሚተርፍበት መንገድ ነው።

በዘመናችን ሠራተኞች ከአለቆቻቸው ጋራ ባንድነት ወጥተው ችግኝ ሲተክሉ፣ አረጋውያንን ሲጠይቁ፣ በክረምት የችግረኞችን ጎጆ ሲጠግኑ፣ ደምም ሲሰጡ ማየት እየተለመደ መጥቷል። ይህ የሚያስመሰግን ልማድ ነው። ነገር ግን መልካም ሥራ መሥራት አንድ ነገር ነው፤ መልካሙን ሥራ በሚጠቅምበት ጊዜና በሚጠቅምበት አኳኋን መሥራት ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

አባቶቻችን የመረዳዳትን ሥርዐት በልዩ ልዩ መንገድ አቆይተውልናል። ከነዚህም አንዱ ደቦ ነው። የአንድ ገበሬ እህል ሲደርስ ጎረቤቶቹ ማጭዳቸውን ይዘው ይሰበሰባሉ፤ እየዘፈኑ ያጭዳሉ፤ ባለቤቱም ጠላውንና እንጀራውን ያቀርባል፤ ሲመሽ ሁሉም ወደየቤቱ ይበተናል። ሌላው በከተማ የምንኖር ሁሉ የምናውቀው ዕድር ነው። ዕድር ዳኛ አለው፤ ጸሐፊ አለው፤ የወር መዋጮና ድንኳን አለው። ሞት የሚመጣበትን ቀን አስቀድሞ ስለማይናገር፣ ዕድር ሰው ሳይሞት ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ደቦ ቀኑ ለታወቀ ሥራ ነው፤ ዕድር ግን ቀኑ ላልታወቀ ችግር ነው።

የኛ የመሥሪያ ቤት በጎ ሥራ ብዙውን ጊዜ ደቦን ይመስላል። የምንረዳቸው ሰዎች ችግር ግን ቀጠሮ የለውም።

ይህን ያስተማረኝን ነገር ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ አንድ መሥሪያ ቤት በዓመታዊ በዓላችን ቀን 40 የምንሆን ሠራተኞች በአዳራሹ ተሰብስበን ደም ሰጠን። ንግግር ተደረገ፤ ፎቶግራፍ ተነሣን፤ ደስ ብሎንም ወደየቤታችን ሄድን። ከአራት ወር በኋላ የአንድ ሾፌር ጓደኛችን ባለቤት ስትወልድ ብዙ ደም ፈሰሳት። ስልክ ሲደወልልን አንዳንዶቻችን «እኛ የሰጠነው ያ ሁሉ ደም የት ሄደ?» ብለን ጠየቅን። ከዚያም ሁለት ሆነን በሌሊት ሄደን ደም ሰጠን። እናቲቱ በእግዚአብሔር ቸርነት ዳነች። ነገር ግን ያዳናት ያን ሌሊት የሰጠነው ደም አልነበረም፤ የኛ ገና መመርመር ነበረበት። ያዳናት ስሙን የማናውቀው ሰው አስቀድሞ ሰጥቶት፣ ተመርምሮ በማቀዝቀዣ የተቀመጠ ደም ነበር። የአራት ወሩ የኛ ደም ግን ጊዜው ካለፈ ቆይቶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአንድ ሰው ባንድ ጊዜ የሚወሰደው ደም 450 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። በማቀዝቀዣ የሚቀመጠው ቀይ ደም ሳይበላሽ የሚቆየው እንደ መጠበቂያው ፈሳሽ ዓይነት 35 ወይም 42 ቀን ነው። መድማትን የሚያቆመው ፕላትሌት የተባለው ክፍል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ቀን በላይ አይቆይም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሃምሳው ሎሚ ባንድ ቀን መጥቶ ዓመቱን ሙሉ ሌላ ካልመጣ፣ ጌጥነቱ ለዚያው ሰሞን ብቻ ነው።

እንግዲህ ምን ይሻላል? አንድ ሰው ደም ከሰጠ በኋላ እንደገና ለመስጠት ቢያንስ ሦስት ወር መቆየት አለበት። ስለዚህ እነዚያ 40 ሠራተኞች በሦስት ቡድን ቢከፈሉና በየወሩ አንዱ ቡድን ቢሄድ፣ ለያንዳንዱ ሰው ተራው የሚደርሰው በየሦስት ወሩ ይሆናል። የመጀመሪያው ቡድን የሰጠው ደም ጊዜው ሳያልፍ የሁለተኛው ይደርሳል። ሁሉም ጤናቸው ተጠብቆ ተራቸውን ቢፈጽሙ በዓመት 40 ከረጢት የነበረው 160 ይሆናል። ይልቁንም ትምህርት ቤቶች በሚዘጉበት በክረምት ደም የሚሰጡት ተማሪዎች ስለሚበተኑ፣ ዓመቱን ሙሉ በሥራ ላይ የሚገኘው የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ተራውን ቢጠብቅ ጥቅሙ እጅግ ከፍ ያለ ነው።

ይህ የዕድር አሠራር ለደም ብቻ አይደለም። በ2011 ዓ. ም. አረንጓዴ ዐሻራ ከተጀመረ ወዲህ ብዙ መሥሪያ ቤቶች በየክረምቱ ችግኝ ይተክላሉ። በሐምሌ የተተከለው ችግኝ ግን በየካቲት ውሃ የሚያጠጣው ይፈልጋል፤ የመትከሉ ሥራ ደቦ ነው፤ የመንከባከቡ ሥራ ዕድር ነው። እንደ መቄዶንያ ባሉ አረጋውያንና ሕሙማን በሚረዱባቸው ቤቶችም ቢሆን በፋሲካ የበላ ሰው ከፋሲካ በኋላ ባለው ማክሰኞም ይርበዋል። በመካከላችን ሒሳብ ዐዋቂ አለ፤ የሕግ ዐዋቂ አለ፤ መዝገብ ያዥ አለ። የሂሳብ ሹሙ በወር አንድ ቅዳሜ የአንድ በጎ አድራጎት ማኅበር መዝገብ ቢያስተካክል፣ እጁ ባልለመደው ግድግዳ ላይ ቀለም ከሚቀባ የበለጠ ረድቷል።

ክቡራን አድማጮች፤ አለቆች የሆናችሁትን አንድ ነገር ልለምናችሁ እወዳለሁ። ስጦታን ትእዛዝ አታድርጉት። የዓለም የጤና ጉባኤ በ1967 ዓ. ም. የደም አገልግሎት ያለ ክፍያ በፈቃድ በሚሰጥ ደም ላይ እንዲመሠረት አገሮችን አሳስቧል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ደም የሚሰጥ ሰው አስቀድሞ ስለ ጤናው ይጠየቃል፤ ደሙም ለኤች አይ ቪ፣ ለጉበት በሽታ ቫይረስና ለቂጥኝ ይመረመራል። ሆኖም በሽታው ከያዘው ጥቂት ጊዜ ብቻ የሆነውን ሰው ምርመራው ላያገኘው ይችላል፤ በዚያን ጊዜ በሽተኛውን የሚጠብቀው ሰጪው እውነቱን መናገሩ ነው። ታዲያ አለቃው የስም ዝርዝር ይዞ በር ላይ ከቆመ፣ መስጠት የማይገባው ሰው ኀፍረትን ፈርቶ እውነቱን ሊደብቅ ይችላል። የአለቃው ቅንዓት በዚህ ጊዜ ለበሽተኛው ጉዳት ይሆናል። ስለዚህ «ለምን አልሰጠህም?» ብሎ የሚጠይቅ ማንም አይኑር።

መስጠት የማይችል ሰውም ከኅብረቱ ውጭ አይደለም። ዕድሜው ከ18 ዓመት ያነሰ ወይም ከ65 ያለፈ፣ ክብደቱ 45 ኪሎ ያልሞላ፣ ወይም ሐኪም የከለከለው ሰው ደም አይሰጥም። ነገር ግን በዕድር ሁሉም አስከሬን አይሸከምም፤ አንዱ ድንኳን ይተክላል፤ አንዱ ውሃ ይቀዳል፤ አንዱ መዝገብ ይይዛል። እንዲሁም በመሥሪያ ቤት አንዱ ተራ ያስታውሳል፤ አንዱ ከደም ባንክ ጋራ ቀጠሮ ይይዛል፤ ሌላውም የሄደውን ጓደኛውን ሥራ ለአንድ ሰዓት ይሸፍንለታል። ይህም ደም ከሰጠው ሰው ሥራ ያነሰ አይደለም።

ነገ ጧት በሻይ ሰዓት ከመካከላችሁ አንዱ ወረቀት ያውጣ። በወረቀቱ ላይ ሦስት መስመር ያስምር፤ ወዶ የመጣ ሁሉ በሚመቸው ወር ሥር ስሙን ይጻፍ። ለዚህ አዳራሽ አያስፈልግም፤ ንግግርም አያስፈልግም። ያን ሌሊት የጓደኛችንን ባለቤት ያዳናት ሰው ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም፤ እሱም ማንን እንዳዳነ አያውቅም። ምናልባት በአንድ መሥሪያ ቤት ተራው ደርሶት በዝምታ ሄዶ የሰጠ እንደናንተ ያለ ሠራተኛ ነበር።